ቤትም ጋቢ ይለብሳል

የታኅሣሥ ብርድ እንዴት ይዟችኋል? እኔ ይህን የምጽፈው ጣቴን እያሻሸሁ ነው። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች ስለ ብርዷ ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ስለዚህ ዛሬ የማወራችሁ ስለ ብርዱ ሳይሆን ብርድ የሚከላከል፣ ከሰልና መብራት የሚቆጥብ ቤት እንዴት እንደሚሠራ ነው።

መጀመሪያ ግን ይህን ርዕስ ለምን እንደመረጥኩ ልንገራችሁ። ባለፈው ዓመት ታኅሣሥ ላይ አንድ ክፍል ተከራይተን ነበር የምንኖረው። ጣሪያው ቆርቆሮ ብቻ ነው፣ ኮርኒስ የለውም። አንድ ማታ ብርዱ ሲብስብን እማዬ ወጥ የሠራችበትን ከሰል ከነምድጃው ወደ ውስጥ አስገባችው፤ በሩንም ዘጋን። ደስ የሚል ሙቀት ነበር። ትንሽ ቆይቶ ግን ራሴን አመመኝ። ታናሽ እህቴ አስመለሳት። እማዬ ልትነሳ ስትል ጉልበቷ ከዳት። ደግነቱ አባዬ ከሥራ ገባና በሩን ከፈተው። ሁላችንንም እየጎተተ ወደ ውጭ አወጣን፤ ከዚያም ጤና ጣቢያ ወሰደን። እግዚአብሔር ይመስገን ተረፍን።

በኋላ የጠቅላላ ሳይንስ መምህራችንን ስጠይቃቸው እንዲህ ብለው አስረዱኝ፦ ከሰል በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። ጭስ እንኳ ባይታይ ጋዙ ሊኖር ይችላል። ስንተነፍሰው ደማችን ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። የተኛ ሰው ሳይነቃ ሊሞት ይችላል።

ታዲያ ከሰሉን ከቤት ካስወጣነው በምን እንሙቅ? እኔን ያስጨነቀኝ ጥያቄ ይህ ነበር። ሚያዝያ ላይ አባዬ ቦታችን ላይ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ማሠራት ሲጀምር እኔም ደብተሬን ይዤ መምህሬን፣ አናጢውንና አያቴን መጠየቅ ጀመርኩ። ያገኘሁትን በየተራ አቀርባለሁ።

1ኛ. ሙቀት ከቤት እንዴት ይወጣል?

ጋቢ ያሞቃል እንላለን አይደል? ጋቢ ግን እሳት የለውም። የሚያሞቀን የራሳችን ገላ ነው፤ ጋቢው ሙቀታችን እንዳያመልጥ ይይዝልናል። ጋቢ አራት ድርብ ነው፤ በድርቦቹ መካከል አየር አለ። ያልተንቀሳቀሰ አየር ሙቀትን ቶሎ አያሳልፍም። ቤትም እንደዚሁ ነው። ቀን ከፀሐይ፣ ማታ ከሰዎቹ የሚያገኘው ሙቀት በጣሪያው፣ በመስኮቱና በቀዳዳው ያመልጣል። እኛ ደግሞ ያመለጠውን በከሰል ለመተካት እንለፋለን።

እስቲ ቤታችሁ ሞክሩት። ሁለት እኩል ጣሳ ውሰዱና ትልቅ ሰው እኩል ሙቅ ውኃ ይጨምርላችሁ። አንዱን በጨርቅ ጠቅልላችሁ ክደኑት፤ ሌላውን ክፍቱን ተዉት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የትኛው ቀዘቀዘ? ክፍቱ ጣሳ የድሮ ቤታችን ነው።

2ኛ. መስኮት ወደ የት ይዙር?

አባዬ ትልቁን መስኮት ወደ ምዕራብ፣ ወደ መንገዱ ሊያደርገው ነበር፣ ሰው እንዲያየው። እኔ ግን ከመምህሬ የሰማሁት ሌላ ነው። አገራችን ከምድር ወገብ በስተሰሜን ስለሆነች በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ፀሐይ ቀኑን ሙሉ ወደ ደቡብ አጋድላ ነው የምትሄደው። ስለዚህ በብርዱ ወራት ብዙ ፀሐይ የሚያስገባው የደቡብ መስኮት ነው። ሰኔ ላይ ደግሞ እኩለ ቀን ፀሐይ ከአናታችን ትንሽ ወደ ሰሜን ታልፋለች፤ ያን ጊዜ የደቡቡን መስኮት የጣሪያው ክፈፍ ይከልለዋል።

ካላመናችሁ ሜዳ ላይ 1 ሜትር ዱላ ቀጥ አድርጋችሁ ትከሉ። በዚህ ወር ከ6 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ጥላው ወደ ሰሜን ይወድቃል፤ ርዝመቱም 65 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሰኔ መጨረሻ ላይ ደመና ካልከለከላችሁ ጥላው ወደ ደቡብ ዞሮ ከ25 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም።

ይህን ለአባዬ ስነግረው «ከየት ያመጣሽው ነገር ነው?» አለኝ። አናጢው ግን ዱላውን አዩና «ጋሼ፣ መስኮቱ ገና አልተከፈተም፤ ብናዞረው ምንም አይጎዳንም» አሉት። በመጨረሻ ትንሹ መስኮት ወደ መንገዱ፣ ትልቁ ወደ ደቡብ ሆነ።

እዚህ ላይ እኔም ተሳስቼ ነበር። መስኮት በተለቀ ቁጥር ቤት የሚሞቅ መስሎኝ ነበር። መስታወት ግን ቀን ሙቀት እንደሚያስገባ ሁሉ ማታ ቶሎ ያስወጣል። አዲሱ ቤት የገባን ሰሞን አልጋዬ መስኮቱ ስር ስለነበር በብርድ አደርኩ። ከዚያ ወዲህ 11 ሰዓት ተኩል ሲሆን የእንጨት መዝጊያውን እንዘጋለን፤ ከውስጥም እማዬ አሮጌ ብርድ ልብስ ሰፍታ መጋረጃ አደረገችው። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ እንከፍተዋለን። መክፈትና መዝጋቱ የእኔ ሥራ ነው።

3ኛ. ግድግዳ

የጭቃ ቤት የሚናቅ አይምሰላችሁ። የአያቴ ቤት ገጠር ነው፤ ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ ነው። ቀን ስትገቡ ይቀዘቅዛል፤ ማታ ደግሞ ሞቅ ይላል። ወፍራም ድንጋይና ወፍራም ጭቃ የቀኑን ሙቀት ቀስ ብለው ይጠጡና ማታ ቀስ ብለው ይመልሳሉ። በጭቃው ውስጥ የሚቦካው የጤፍ ጭድ ጭቃው እንዳይሰነጠቅ ይይዘዋል። መጀመሪያ የተመረገው ሲደርቅ ስንጥቅ ያወጣል፤ ስለዚህ ሁለተኛ ልስን ያስፈልጋል። ይህን የተዉ ሰዎች ብርዱ በየስንጥቁ ይገባባቸዋል። ጭቃ የሚፈራው ውኃ ነው። ከታች የድንጋይ መሠረት፣ ከላይ ወጣ ያለ የጣሪያ ክፈፍ ካለው ግን ብዙ ዘመን ይቆያል።

4ኛ. ጣሪያ

ዋናው ጉዳይ ይህ ነው። የሞቀ አየር ስለሚቀል ወደ ላይ ይወጣል። ላይ የሚያገኘው ስስ ቆርቆሮ ከሆነ ሙቀቱ ወዲያው ያልቃል። ለዚህ ነው ቆርቆሮ ቤት ቀን የሚያቃጥለው፣ ሌሊት የሚያንዘፈዝፈው። መፍትሔው ኮርኒስ ነው። በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል የሚቀረው አየር ልክ እንደ ጋቢው ድርብ ይሆናል።

ችግሩ ገንዘብ ነበር። አባዬ የቀረውን ብር ለግቢው የብረት በር አስቦታል። ኮርኒስ ስለው «እሱ ለሀብታም ቤት ነው፣ ቀስ ብሎ ይደረሳል» አለ። እኔ ያን ማታ ትዝ ብሎኝ ዝም አልኩ፤ ማልቀስ ቀረሽ። እማዬ ግን ቡናዋን እየቀዳች «እንግዳ በሩን አይቶ ያልፋል፤ ብርዱን የምናድርበት እኛ ነን» አለችው። አባዬ ምንም አልመለሰም። በሦስተኛው ቀን የማዳበሪያ ኮርኒስ ተሸክሞ መጣ። ለሁለቱም ክፍል ስላልበቃ የምንተኛበት ክፍል ብቻ ተሠራ። የግቢያችን በር እስከ ዛሬ ያው አሮጌው ቆርቆሮ ነው።

አንድ ጥንቃቄ፦ የማዳበሪያ ኮርኒስ እሳት ይፈራል። ሻማና ኩራዝ አታስጠጉበት፤ ማዕድ ቤት ውስጥም አይሠራ።

5ኛ. ክፍተቶች

ግድግዳውና ጣሪያው የሚገናኙበት ቦታ ክፍተት ይተርፋል። አናጢው በጭቃና በጭድ ደፈኑልን። በበሩ ስር ደግሞ ማታ አሮጌ ጨርቅ ጠቅልለን እናስቀምጣለን። ነገር ግን ይህን አስምሩበት፦ ቀዳዳው የተደፈነ ቤት ውስጥ ከሰል ማስገባት ከበፊቱ የባሰ አደገኛ ነው! ቀንም መስኮት ከፍቶ አየር መቀየር ያስፈልጋል።

6ኛ. ማዕድ ቤትና መብራት

ማዕድ ቤት ከመኝታ ቢለይና ከላይ የጭስ መውጫ ቢኖረው ጥሩ ነው። በሦስት ጉልቻ የሚነደው እንጨት አብዛኛው ሙቀቱ ወደ ጎን ይባክናል። ምርጥ የሚባለው የሲሚንቶ ምድጃ እሳቱን ዙሪያውን ስለሚከልለው እንጨት ይቆጥባል፤ የእናቶችንም ዓይን ያሳርፋል።

አሁን ትንሽ ሒሳብ። ባለ 60 ዋት የድሮ አምፖል በቀን 5 ሰዓት ቢበራ በ30 ቀን 9 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ተመሳሳይ ብርሃን የሚሰጥ ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ አምፖል ግን 1.35 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ! ትልቁ በላተኛ ደግሞ የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። 3,500 ዋት የሆነ ምጣድ በ1 ሰዓት የሚበላው ያ ትንሽ አምፖል በቀን 5 ሰዓት እየበራ ከ2 ወር በላይ የሚበላውን ነው። ስለዚህ ምጣዱ አንዴ ከጋለ የሳምንቱን እንጀራ በአንድ ጊዜ መጋገር ነው የሚያዋጣው። ግድግዳውን ከውስጥ ነጭ መቀባት ደግሞ ብርሃኑን ስለሚመልስ አንድ አምፖል ለክፍሉ ይበቃል።

ውጤቱስ?

እውነቱን ለመናገር ቤታችን ዘንድሮም ይበርዳል። ኮርኒስ የሌለው ክፍል ውስጥ ማታ ማጥናት አይቻልም። የምንተኛበት ክፍል ግን ልዩነቱ በደንብ ይታወቃል፤ ጋቢና አንድ ብርድ ልብስ ይበቃናል። ከኅዳር ጀምሮ ከሰሉ ከማዕድ ቤት ወጥቶ አያውቅም። ባለፈው ሳምንት በጣም ሲበርድ ታናሽ እህቴ «እማዬ፣ ምድጃውን አስገቢው» አለች። እማዬ ዝም ብላ ተነሳችና ጋቢዋን ደረበችላት።

ቤት የምትሠሩ ወይም የምታሳድሱ ካላችሁ ይህን ያዙልኝ፦
ሀ. ትልቁን መስኮት ወደ ደቡብ፤ ማታ መዝጊያ።
ለ. ግድግዳ ወፍራም፣ ልስኑ ሁለቴ።
ሐ. ከበር ማሳመር በፊት ኮርኒስ።
መ. ተከራይ ከሆናችሁም መጋረጃና የበር ስር ጨርቅ ማንም አይከለክላችሁም።
ሠ. ከሰል ወደ መኝታ ክፍል በፍጹም! ራስ ምታትና ማስመለስ ከጀመረ ወዲያው በር ከፍታችሁ ውጡ፤ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

የመልመጃ ጥያቄዎች
1. ጋቢ እሳት ሳይኖረው ለምን ያሞቃል?
2. የክፍላችሁ መስኮት ወደ የት ነው የዞረው? ጠዋት ፀሐይ የሚያገኘው የትኛው ወንበር ነው?
3. ቤታችሁ ስንት አምፖል አለ? የወሩን ፍጆታ አስሉ።

መልሳችሁን በሚኒ ሚዲያ ክበብ ሳጥን ውስጥ አስገቡልኝ። በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ዛሬ ማታ ከሰላችሁ የት እንዳለ ሳታዩ እንዳትተኙ። ቸር ይግጠመን!

ከ7ኛ ለ ክፍል፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል