ሹሩባሽን እየሠራሁ የምነግርሽ

አንገትሽን ቀና አድርጊልኝ፣ እታለም። ነገ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ደባርቅ መናኸሪያ መድረስ አለብን። ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ዳባትን ስናልፍ ይነጋልናል። እስከዚያ እጄ ሥራ ላይ እያለ የምልሽን ስሚኝ።

ጡትሽ ላይ ያለችውን ባቄላ የምታክል እብጠት «አታመኝም» ብለሽ ከመስቀል እስከ ጥምቀት ዝም አልሽ። እኔን ያስፈራኝ እሱ ነው። የጡት ካንሰር ሲጀምር አብዛኛውን ጊዜ አያምም፤ በአገራችን ብዙዎቹ ሴቶች ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት ሦስተኛና አራተኛ ደረጃ ላይ ሆነው ነው። ያንቺ ካንሰር ላይሆንም ይችላል። በመርፌ ናሙና ወስደው ያዩታል። «ብረት ከነካው ይሰራጫል» ያለሽን ጎረቤት አትስሚ፤ ናሙናው ካልታየ ሐኪሙም በጨለማ ነው የሚሄደው።

ካንሰር ነው ካሉሽ ደረጃውን ጠይቂ። ከ2 ሴንቲ ሜትር ካልበለጠና ከጡት ካልወጣ አንደኛ ነው፤ ከፍ ካለ ወይም ብብትሽ ሥር ጥቂት ንፍፊት ከያዘ ሁለተኛ። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምናው ይቀድማል። እብጠቱን ብቻ አውጥቶ ጡትን ማትረፍም ይቻላል፤ ግን ጨረር ይከተለዋል። ጨረር ደግሞ ለረጅም ዓመታት ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ ጅማና ሐሮማያ የጀመሩት በቅርቡ ነው። ስለዚህ ጨረሩን የትና መቼ እንደምታገኚ ሳታረጋግጪ «ጡቴን አትርፉልኝ» አትበይ። እኔን ከጠየቅሽኝ፣ ጨረሩ የማይደረስበት ከሆነ ጡቱ ይነሳ።

ቆዳውን ወይም የደረቱን ግድግዳ ከያዘ፣ ንፍፊቱም ከበዛ ሦስተኛ ነው። ያኔ «ቶሎ ቆርጣችሁ አውጡልኝ» ብለሽ አትጨቅጭቂ። ኬሞ የሚባለው መድኃኒት ቀድሞ እብጠቱን ያሳንሰዋል፤ ቀዶውና ጨረሩ ይከተላሉ። ቀዶውን ያቆዩት ረስተውሽ አይደለም።

ኬሞ ብዙ ጊዜ በየ21 ቀኑ ነው። ቀዩን መድኃኒት ከሰጡሽ ሽንትሽ አንድ ሁለት ቀን ይቀላል፤ ደም መስሎሽ እንዳትደነግጪ። ይኼ ጸጉርም ይረግፋል፤ ሕክምናው ሲያልቅ ይበቅላል፤ እኔው እሠራልሻለሁ። ትኩሳት ግን ዋዛ አይደለም። ሙቀትሽ 38 ከደረሰ «የሰሜን ብርድ ነው፣ ምች ነው» ብለሽ ዳማከሴ ጠጥተሽ እንዳትተኚ። በዚያው ሌሊት ደባርቅ ሆስፒታል ሂጂና ኬሞ ላይ መሆንሽን ንገሪያቸው። ጾሙን ለንስሐ አባትሽ አስረጃቸው፤ ወተትና እንቁላል ያስፈልግሻል። ጸበሉንም አትተዪ፤ ቀጠሮሽን ግን አያስረሳሽ። መንገድ የሚዘጋበት ቀን ስላለ ከቀጠሮው ሁለት ቀን ቀድመሽ ጎንደር አክስታችን ቤት እደሪ።

ናሙናው ሆርሞን የሚቀበል ዓይነት መሆኑንም ይመርምሩልሽ። ከሆነ ታሞክሲፌን የሚባል ኪኒን ይሰጡሻል፤ በቀን 20 ሚሊ ግራም፣ ቢያንስ ለ5 ዓመት። ደኅና ስትሆኚ «አሁንማ ድኛለሁ» ብለሽ እንዳታቆሚው። እየወሰድሽ ማርገዝም የለም።

አራተኛው ደረጃ ካንሰሩ ወደ አጥንት፣ ሳንባ ወይም ጉበት ሲሄድ ነው። ከሥሩ አይነቀልም፤ ሕክምና ግን አለው። በኪኒኑ ወይም በኬሞው ዕድሜ ይረዝማል። ሕመሙንም በሞርፊን ጭምር ያስታግሱታል፤ ስለዚህ ዝም ብሎ መሠቃየት የለም። አዲስ አበባ ከላኩሽ፣ የማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከክፍለ ሀገር የሚመጡ ሕሙማንን ያሳርፋል፤ ጠይቂያቸው።

የጤና መድን ደብተርሽንና የሪፈር ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቻለሁ። ለእማዬ እኔ እነግራታለሁ፤ አንቺ አትጨነቂ። አሁን ዞር በይልኝ፣ ከጆሮሽ ጀርባ አንዷ ቀርታለች።