ወላጅ ያጡ ልጆችን ለማገልገል ለተነሣሽው ልጄ

ልጄ፣ ከሰንበት ትምህርት ቤት ጓደኞችሽ ጋር ወላጅ ያጡ ልጆችን ልታገለግሉ መወሰናችሁን ሰማሁ፤ ደስ ብሎኛል። ሐይቅ ከተማ ሆነሽ ለዚህ ሥራ ሩቅ መሄድ አያስፈልግሽም። ኤችአይቪ ስንቱን ቤት እንደዘጋ እናውቃለን። በ2014 የሰሜኑ ጦርነት እኛም ደጅ ደርሷል። ከወለጋ የተፈናቀሉትም ጃሪ መጠለያ ውስጥ ዓመታት ቆጥረዋል። ስትጀምሪ ይረዳሽ እንደሆነ ያለኝን ምክር በቁጥር አስቀምጬልሻለሁ።

1. በመጀመሪያ የእዳዬ አበበች ጎበናን ታሪክ እስከ መጨረሻው እወቂው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወሎ በረሃብ ስትሠቃይ፣ እሳቸው ከአዲስ አበባ ተነሥተው እዚሁ አምባሰል ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ መጡ። በዚያ ጉዞ ከሞተች እናቷ አጠገብ የቀረች ሕፃን አዩ። በእጃቸው የነበረው ዳቦና ጠበል ነው። እሷንና ሌላ አንድ ልጅ ይዘው ተመለሱ፤ በዓመቱ በቤታቸው የተሰበሰቡት ልጆች 21 ደረሱ። ባላቸውና ዘመዶቻቸው ከእኛና ከልጆቹ ምረጪ ቢሏቸው ልጆቹን መርጠው ከቤት ወጡ፤ ቆሎና እንጀራ እየሸጡም አሳደጓቸው። እሳቸው ራሳቸው አባታቸውን በጣልያን ወረራ ያጡ፣ በልጅነታቸው ያለ ፈቃዳቸው ተድረው ያመለጡ ነበሩ። የተትረፈረፈ ፍቅር ተቀብለው አልነበረም የሰጡት።

ሰው ይህን ታሪክ ሲያወራ ብዙ ጊዜ ሕፃኗ የተነሣችበት ቀን ላይ ያቆማል። እኔን የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ልጅን ከመንገድ ማንሣት የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ በዚያን ቀን ማንም ያለቅሳል። እሳቸው ግን ሰኔ 27 ቀን 2013 እስካረፉ ድረስ ለአርባ ዓመት ያህል የልጆች ልብስና ቀለብ፣ ትኩሳትና ጠብ፣ የትምህርት ቤት ጣጣ አልተለያቸውም። አንቺም ማዘንሽን ብቻ አይተሽ ልቤ ዝግጁ ነው አትበዪ።

2. ልጁ መልሶ እንዲወድሽ አትጠብቂ። በመጀመሪያው ቀን ሮጦ አንገትሽ ላይ የሚጠመጠም ልጅ ታገኛለሽ። ወደደኝ ብለሽ አትኩሪ፤ የመጣውን እንግዳ ሁሉ እንዲሁ ያቅፋል፣ ይህ ራሱ የጉዳቱ ምልክት ነው። ሌላው ፊቱን ያዞርብሻል፣ ይሳደባል፣ ያመጣሽለትን ይጥላል። ሰዎች መጥተው ሲሄዱበት ኖሯል፤ አንቺም መቼ እንደምትሄጂ ሊያይ ነው። ከፍራሹ ሥር ዳቦ የሚደብቅም አለ። ሌባ እንዳትዪው፤ ነገ ምግብ እንደሚኖር አያምንም። ብትነግሪውም አያምንሽም፤ የሚያምነው ለወራት ሳይጓደል በሰዓቱ ሲቀርብለት ነው።

አንድ ቀን ልብሽ «ምን አጎደልኩበት?» ማለቱ አይቀርም። ያን ጊዜ ጌታ ከለምጽ ያነጻቸውን አሥሩን ሰዎች አስቢ። ተመልሶ ያመሰገነው አንድ ብቻ ነበር፤ ዘጠኙ ግን ባለማመስገናቸው ለምጻቸው አልተመለሰባቸውም። ይህን ወንጌል ከልጅነትሽ ጀምሮ ስትሰሚው ኖረሻል። ፊቱን ያዞረብሽ ልጅ ዘንድ በሚቀጥለው ቅዳሜ ስትመለሺ ደግሞ በሌላ መንገድ ትሰሚዋለሽ። እግዚአብሔር ከእኔና ከአንቺ ጋር ስንት ዓመት እንዲህ እንደተመላለሰ ያኔ ነው የሚታይሽ። እኔ ያለ ምክንያት መወደድን ከመጽሐፍ ይልቅ ከእነዚህ ልጆች ተምሬዋለሁ።

3. ቀን ቁረጪ። ቅዳሜ ካልሽ ቅዳሜ ተገኚ፤ ካልቻልሽ አስቀድመሽ ለልጁ ንገሪው። ለበዓል ከረሜላ ተሸክሞ መጥቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ ከርሞ የሚመለስ ቡድን ልጆቹን ይጎዳቸዋል ብዬ በድፍረት እናገራለሁ። ፎቶውንም ተዪው።

4. እኛ ወሎ ነን፤ የልጁን ሃይማኖት የዕርዳታሽ መግቢያ አታድርጊው። የሙስሊም ቤተሰብ ልጅ ከሆነ በክርስቲያን እጅ የታረደ ሥጋ አታቅርቢለት፤ ዘመዶቹ ያዝናሉ፣ እሱም ከእነሱ የተለየ ይመስለዋል። አማትብ አትበዪው። ለዒዱ እንደ ጓደኞቹ አዲስ ልብስ እንዲያገኝ ማሰብ ግን የአንቺ ሥራ ነው። ሐዋርያው ያዕቆብ ወላጅ የሌላቸውን መጠየቅ ከአምልኮ ሲቆጥረው የማን ልጅ እንደሆኑ አልለየም።

5. የማሳደጊያውን ሞግዚቶች አክብሪ። ሌሊት የሚነሡት፣ የሚያጥቡትና የሚያስታምሙት እነሱ ናቸው። ከመሥራትሽ በፊት ጠይቂያቸው።

6. የመጨረሻው ለእኔ ከሁሉ ይበልጣል። ወላጅ ያጡ ልጆች አብዛኞቹ ያሉት በማሳደጊያ ሳይሆን በአያት፣ በአክስት፣ በታላቅ እኅት ቤት ነው። አባቶቻችን የሌላ ሰው ልጅ በጡት ልጅነት ተቀብለው ከራሳቸው ልጆች ጋር ያሳድጉ ነበር። አገራችንም በ2010 ልጆችን ለውጭ አገር ሰው በጉዲፈቻ መስጠት ከከለከለች ወዲህ የእነዚህ ቤቶች ሸክም የእኛው ነው። ስለዚህ የቀበሌውን ማኅበራዊ ሠራተኛ አነጋግሪና የልጅ ልጆቿን የምታሳድግ አንዲት አያት ፈልጊ። የጎደለውን አንቺ አትገምቺ፤ እሷ ትንገርሽ። ውኃ ካለችሽ ጀሪካኑን ያዢ። ደብተር ካለች ከጓደኞችሽ ጋር አዋጡ። የወላጆች ስብሰባ ተጠርታ ጉልበቷ ካልቻለ አንቺ ተገኚላት፣ መምህሩ ያሉትንም ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ ንገሪያት። ለሰንበት ትምህርት ቤቱ ሪፖርት የሚሆን ብዙ ቁጥር አይወጣውም፤ አንድ ቤት፣ ሁለት ሦስት ልጆች ናቸው። ቢሆንም ከዚያ ጀምሩ፤ ማሳደጊያውን ቀጥሎ ትደርሱበታላችሁ።