የጃፓን የምርመራ ልብወለድ፦ ምን ይዞ ነው የሚይዘን?

የወንጀል ምርመራ ልብወለድ የሚወድ ሰው ስለ ሼርሎክ ሆምስ ሲያወራ አይደክመውም። የጃፓኖቹን የሚያነሳ ግን እምብዛም አይገኝም፤ ይህ ያሳዝነኛል። በዚህ ዘርፍ አንባቢውን እንደ እነርሱ የሚያከብር የለም ብዬ አምናለሁ። መርማሪው ያየውን ሁሉ ለእኛም ያሳዩናል፤ ከዚያ «በል ፍታው» ይሉናል። እንዴት እንደሚያደርጉት ቀስ ብለን እንይ። የምስጢሮቹን መፍቻ አልናገርም። ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መነሻው አጭር ነው። በ1923 ዓ.ም. ሂራይ ታሮ የተባለ ወጣት «ሺን ሴይነን» በተሰኘ መጽሔት ላይ በምስጢር ጽሑፍ ፍቺ ዙሪያ የሚያጠነጥን አጭር ልብወለድ አወጣ። የብዕር ስሙን ኤዶጋዋ ራንፖ ያለው ከአሜሪካዊው ደራሲ ከኤድጋር አለን ፖ ስም ወስዶ ነው። የጃፓን ዘመናዊ የምርመራ ልብወለድ አባት የሚባለው እርሱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በአውሮፓ ልብወለዶች አንዱ የታወቀ እንቆቅልሽ ከውስጥ በተዘጋ ክፍል የተገኘ ሬሳ ነው፤ በሩ ተቆልፏል፣ ገዳዩ ግን የለም። የጃፓን ባህላዊ ቤት ደግሞ በእንጨትና በወረቀት የተሠራ፣ በሮቹ እየተንሸራተቱ የሚከፈቱ ነው። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ እንዴት ያለ የተዘጋ ክፍል ሊኖር ይችላል?

ዮኮሚዞ ሴይሺ መልስ ሰጠ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዓመታት የጃፓን መንግሥት የምርመራ ልብወለድን በክፉ ዓይን ይመለከተው ስለነበር ጸሐፊዎቹ ብዕራቸውን አስቀምጠው ነበር። ዮኮሚዞም ከቶኪዮ ሸሽቶ በኦካያማ ገጠር ተቀመጠ። ጦርነቱ እንዳበቃ፣ በ1946፣ «የሆንጂን ግድያ» የተሰኘውን ሥራውን «ሆሴኪ» በተባለ መጽሔት ላይ በተከታታይ ማውጣት ጀመረ።

ታሪኩን ተከተሉኝ። ቦታው የኦካያማ መንደር፣ ጊዜው 1937 ነው። የኢቺያናጊ ቤተሰብ ቤት በጥንት ዘመን መሳፍንት በጉዟቸው የሚያርፉበት «ሆንጂን» ነበርና ኩራቱ አልበረደለትም። የበኩር ልጁ ሊያገባ የመረጣት ከጭሰኛ ቤተሰብ የተገኘች መምህርት ናት። ዘመዶቹ ዘር ማንዘር ቆጥረው አኮረፉ፤ ሠርጉ ግን ተደገሰ። በዚያው ሌሊት ጩኸት ይሰማል፤ ቀጥሎ ኮቶ የተባለው የክር መሣሪያ ድምፅ። ሙሽሮቹ ከውስጥ በተዘጋው ጫጉላ ቤት ሞተው ተገኙ። ውጭ በረዶ ጥሏል፤ በግቢው ሰይፍ ተተክሏል፤ ወጥቶ የሄደ ሰው ዱካ ግን የለም።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ደራሲው ሰይፉን፣ ኮቶውንና በረዶውን ለጌጥ አላስገባቸውም። እያንዳንዱ ዕቃ ሥራ አለው፤ ሁሉም ገና ከጅምሩ በፊታችን ተደርድሯል። የዘር ጉዳይም እንዲሁ። ፀጉሩ የተንጨባረረው፣ ሲያስብ ራሱን የሚያክከው ወጣቱ መርማሪ ኪንዳይቺ ኮሱኬ ከእኛ የሚበልጠው እኛ አይተን ያለፍነውን ነገር ባለማለፉ ብቻ ነው።

ሁለተኛው መምህራችን ማትሱሞቶ ሴይቾ ነው፤ እኔም ከሁሉ አብልጬ የምወደው እርሱን ነው። በ1909 ከድሃ ቤት ተወልዶ ከአንደኛ ደረጃ በላይ ሳይማር ያደገ ሰው ነው። «ነጥቦችና መስመሮች» የተሰኘው ልብወለዱ ከ1957 እስከ 1958 የወጣው በአንድ የጉዞ መጽሔት ላይ ነበር፤ ሴራው የታነጸውም በእውነተኛ የባቡር የጊዜ ሰሌዳ ላይ ነው።

በፉኩኦካ አቅራቢያ፣ በካሺይ ባሕር ዳርቻ፣ የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት ሬሳ ጎን ለጎን ይገኛል። ሰውየው ሙስና እየተመረመረበት ባለ መሥሪያ ቤት የሚሠራ ነበር። አይቶ ለሚፈርድ፣ ፍቅረኞች አብረው መርዝ ጠጥተው ሞቱ ማለት ነው። አንድ ያረጀ ኮት የለበሰ የአገሬው መርማሪ ግን ከሟቹ ኪስ የወጣውን የባቡር ምግብ ቤት ደረሰኝ ያያል፤ የአንድ ሰው ሂሳብ ነው። ፍቅረኛውን ይዞ ለሞት የሚሄድ ሰው ለምን ብቻውን ይበላል? እሷ ባይርባት እንኳ አጠገቡ ተቀምጣ ቡና አትጠጣም ነበር? መላው መጽሐፍ ከዚህች ቁራጭ ወረቀት ይመዘዛል። ይህን ለመጠየቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ ሰውን ማወቅ ይበቃል።

ሌላው ማስረጃ ደግሞ ይበልጥ ይገርማል። ሁለቱ ሟቾች በቶኪዮ ጣቢያ አብረው ባቡር ሲሳፈሩ ያዩ ምስክሮች አሉ። ምስክሮቹ የቆሙት በ13ኛው መሳፈሪያ ነው፤ ሟቾቹ ደግሞ በ15ኛው። በመካከሉ ባቡሮች ስለሚመላለሱ ከወዲያ ወዲህ ማየት የሚቻለው በእኛ ሰዓት ከ11፡57 እስከ 12፡01 ባሉት አራት ደቂቃዎች ብቻ ነው። ታዲያ ምስክሮቹ በዚያች ሰዓት እዚያ የቆሙት በአጋጣሚ ነው ወይስ ሰው አቁሟቸው? ጥያቄውን ለእናንተ ትቼዋለሁ።

የሁለቱን ልዩነት ልብ በሉ። ዮኮሚዞ «እንዴት ተፈጸመ?» እያለ ያስጨንቀናል፤ ማትሱሞቶ ደግሞ «ይህ ወንጀል ማንን ጠቀመ?» እያለ ከቢሮ ጀርባ ያለውን ዝምድና ይገልጥልናል። ከእርሱ በኋላ እንቆቅልሹ ለጊዜው ደብዝዞ፣ ሺማዳ ሶጂ በ1981፣ አያትሱጂ ዩኪቶ በ1987 ባወጧቸው ሥራዎች እንደገና ነፍስ ዘራ።

ለመጀመር «የሆንጂን ግድያ»ን እመክራችኋለሁ፤ በእንግሊዝኛ ከ2019 ጀምሮ ይገኛል። ስሞቹ እንዳያምታቷችሁ ገና ሲጠቀሱ በወረቀት መዝግቧቸው። ወደ መጨረሻው ምዕራፍ ስትደርሱ መጽሐፉን ዝጉና መልሳችሁን ጻፉ፤ ከዚያ በኋላ ክፈቱት።