ያልተነበበ ደብዳቤ ኃላፊነት፦ በግል ዲጂታል የመልእክት ሣጥን የሚደርስ መንግሥታዊ ደብዳቤ በሦስት የስካንዲኔቪያ አገሮች

መግቢያ

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለዜጋ የሚጽፈው ደብዳቤ እንደ ማንኛውም መልእክት የሚታይ አይደለም። የግብር ውሳኔ፣ የድጎማ መቋረጥ ማስታወቂያ ወይም የይግባኝ ጊዜን የሚያስጀምር ውሳኔ ሊይዝ ይችላል። በመሆኑም ደብዳቤው «ደረሰ» የሚባልበት ቅጽበት የመብትና የግዴታ መቁጠሪያ መነሻ ነው። በስካንዲኔቪያ አገሮች ይህ ቅጽበት ከቤት ደጃፍ ወደ ስልክና ኮምፒውተር ተዛውሯል፤ ደብዳቤውን ለዜጋው ከሚያቀርቡት መካከልም የግል ኩባንያዎች ከፍተኛ ድርሻ ይዘዋል። ይህ ጽሑፍ ዴንማርክን፣ ስዊድንንና ኖርዌይን በማነጻጸር፣ ደብዳቤው ሳይነበብ ቢቀር ጉዳቱን የሚሸከመው ማን እንደሆነ ይመረምራል። የጽሑፉ መከራከሪያ የሚከተለው ነው፦ የዜጋውን መብት በዋነኛነት የሚወስነው ሣጥኑ የግል ወይም የመንግሥት መሆኑ ሳይሆን፣ ስለ ተቀባዩ ፈቃድ፣ ስለ ደብዳቤው ማከማቻና ስለ «መድረስ» ትርጉም የተደነገገው ሥርዓት ነው።

ዴንማርክ፦ ግዴታ የሆነ ሣጥን

ዴንማርክ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣችው ሕግ መሠረት ድርጅቶች ከኖቬምበር 2013፣ ዕድሜያቸው 15 ዓመት የሞላቸው ነዋሪዎች ደግሞ ከኖቬምበር 1 ቀን 2014 ጀምሮ የመንግሥትን ደብዳቤ በዲጂታል ሣጥን የመቀበል ግዴታ ተጥሎባቸዋል። በሕጉ መሠረት መልእክቱ በሣጥኑ ውስጥ ሊታይ የሚችል ሆኖ ከተቀመጠ ለተቀባዩ እንደደረሰ ይቆጠራል፤ መከፈቱም ሆነ መነበቡ እንደ ቅድመ ሁኔታ አይጠየቅም። ለምሳሌ የይግባኝ ጊዜው 4 ሳምንት የሆነ ውሳኔ የደረሰው ሰው ሣጥኑን ከ5 ሳምንት በኋላ ቢከፍት፣ ደብዳቤውን ባነበበበት ዕለት መብቱ አስቀድሞ አልፎ ሊያገኘው ይችላል።

ሕጉ የዚህን ክብደት ለማቃለል ከግዴታው ነጻ የሚሆኑ ሰዎችን ለይቷል። ኮምፒውተር የማያገኙ፣ የአካል ወይም የአእምሮ ጉዳት ያለባቸው እንዲሁም የቋንቋ ችግር ያለባቸው ነዋሪዎች ነጻ እንዲደረጉ ማመልከት ይችላሉ። ይሁን እንጂ በወረቀት የሚሠራው አማራጭ ራሱ እየጠበበ ነው። ፖስትኖርድ የተባለው ድርጅት ከ1624 ጀምሮ የቆየውን የደብዳቤ እደላ በዴንማርክ በዲሴምበር 30 ቀን 2025 አቋርጧል፤ የወረቀት ደብዳቤ ማድረሱን የቀጠለው ሌላ የግል ኩባንያ ነው።

ከሣጥኑ አደረጃጀት አንጻር ትኩረት የሚስበው በማርች 2022 የተደረገው ለውጥ ነው። ከዚያ በፊት አገልግሎቱ ኢ-ቦክስ በተባለው ኩባንያ ሥርዓት ላይ የተመሠረተ ነበር። በአዲሱ አሠራር ግን የደብዳቤው ማከማቻና የደብዳቤው ማሳያ ተለያይተዋል። ማከማቻው የመንግሥት የጋራ መሠረተ ልማት ሲሆን፣ ዜጋው ያንኑ ደብዳቤ በመንግሥት ድረ ገጽና መተግበሪያ፣ ወይም ኢ-ቦክስና ሚት ዲኬ በተባሉት የግል አገልግሎቶች ማንበብ ይችላል። ስለዚህ ከአንዱ ኩባንያ ወደ ሌላው ቢዛወር መንግሥታዊ ደብዳቤውን አያጣም።

ስዊድን፦ በፈቃድ የሚከፈት ሣጥን

በስዊድን ግለሰቦች ዲጂታል ሣጥን የመያዝ ግዴታ የለባቸውም። «ሚና መደላንደን»፣ ማለትም «መልእክቶቼ»፣ የተባለው የመንግሥት መሠረተ ልማት ዜጋው የትኛውን ሣጥን እንደመረጠ ይመዘግባል፤ መሥሪያ ቤቶችም ደብዳቤውን ወደ ተመረጠው ሣጥን ይልካሉ። ከአማራጮቹ መካከል ኪቭራ የተባለው የግል አገልግሎትና በመንግሥት የሚተዳደር ሣጥን ይገኙበታል። ሣጥን ያልመረጠ ሰው ደብዳቤውን በወረቀት ያገኛል።

ምርጫው ነጻ ቢሆንም ማበረታቻ አለው። ዲጂታል ሣጥን ያላቸው ግብር ከፋዮች ዓመታዊ የግብር ማስታወቂያቸውን ከሌሎች ቀድመው ያገኛሉ። የግሉ ሣጥን ደግሞ የኩባንያዎችን ሒሳብ መጠየቂያና የደመወዝ መግለጫን ጭምር ስለሚቀበል ዜጋው ደጋግሞ ይከፍተዋል። ይህ መንግሥታዊው ደብዳቤ የመታየት ዕድሉን ከፍ ሲያደርግ፣ በሌላ በኩል የግብር ውሳኔና የስልክ ሒሳብ ጎን ለጎን እንዲቀመጡ ያደርጋል። ከዴንማርክ በተለየ ሁኔታ ደብዳቤው የሚቀመጠው በተመረጠው አገልግሎት ዘንድ በመሆኑ፣ ሣጥን የሚቀይር ሰው የቀድሞ ደብዳቤዎቹን ራሱ ማስቀረት ይኖርበታል።

ኖርዌይ፦ ዕምቢ የማለት መብት

ኖርዌይ በሁለቱ መካከል ትገኛለች። ከ2014 ጀምሮ መንግሥት ከዜጋው ጋር የሚጻጻፈው በመርሕ ደረጃ በዲጂታል መንገድ ነው፤ ሆኖም ማንኛውም ግለሰብ ምክንያት ሳያቀርብ ዲጂታል መልእክት እንደማይቀበል ማስመዝገብ ይችላል። ዲጂታል ሣጥን የሚፈልግ ሰው የፖስታ ድርጅቱ ከሚያቀርበው ዲጂፖስትና ከኢ-ቦክስ አንዱን ሲመርጥ ቆይቷል። ከሁሉም በላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ባለፉት 18 ወራት ውስጥ ያልታደሰ ወይም ያልተረጋገጠ የዜጋ ስልክ ቁጥርና የኢሜይል አድራሻ ለማሳወቂያ እንዳያገለግል መደረጉ ነው። በዚህም አድራሻው በሥራ ላይ መሆኑን የማረጋገጡ ሸክም በከፊል ወደ መንግሥት ዞሯል።

ደብዳቤ የሚያነብ ዘመድ

ሦስቱም ሥርዓቶች ሣጥኑን ከአንድ ሰው ዲጂታል መታወቂያ ጋር ያስተሳስራሉ። የወረቀት ደብዳቤ ግን ብዙ ጊዜ በቤተሰብ የሚነበብ ነበር። በስቶክሆልም የሚኖሩ፣ ስዊድንኛ ማንበብ የሚቸግራቸው አንዲት አማርኛ ተናጋሪ እናት ቢታሰቡ፣ ፖስታውን ለልጃቸው ሰጥተው ማስነበብ ይበቃቸው ነበር። ደብዳቤው ወደ ሣጥኑ ከገባ በኋላ ግን ለልጃቸው የሚሰጡት የመታወቂያቸውን ምስጢር ቁጥር ሊሆን ይችላል፤ ይህ ደግሞ የባንክ ሒሳባቸውንም የሚከፍት ቁልፍ ነው። ዴንማርክ ለዚህ ያበጀችው መፍትሔ ተቀባዩ ለሚያምነው ሰው የማንበብ ፈቃድ በሕጋዊ መንገድ እንዲሰጥ ማስቻል ነው። በዚህም መታወቂያውን አሳልፎ መስጠት ሳያስፈልግ እርዳታ ይገኛል።

ለኢትዮጵያ የሚኖረው ፋይዳ

በኢትዮጵያ ደብዳቤ በአብዛኛው የሚደርሰው በቤት አድራሻ ሳይሆን በፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው። የራሱ ሣጥን የሌለው ሰው በመሥሪያ ቤቱ፣ በትምህርት ቤቱ ወይም በዘመዱ ሣጥን በኩል ይቀበላል። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. የ1965ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ የፍርድ ቤት መጥሪያ በተቻለ መጠን ለተከሳሹ በእጁ እንዲደርሰው ይሻል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012፣ የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 እና የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ለዲጂታል ሣጥን የሚያስፈልገውን መሠረት በየበኩላቸው ጥለዋል። መንግሥታዊ ደብዳቤ በዚህ መንገድ የሚላክበት ጊዜ ሲመጣ፣ «በእጅ መድረስ» የሚለው ጥንቃቄ «በሣጥን መቀመጥ» በሚለው ከመተካቱ በፊት ተለይቶ ሊመከርበት ይገባል።

ማጠቃለያ

ከንጽጽሩ ሦስት ነጥቦች ይወጣሉ። አንደኛ፣ የግል ኩባንያ የደብዳቤው አሳዪ ሊሆን ይችላል፤ ማከማቻው ግን ዜጋው ኩባንያ ሲቀይር የማይጠፋበት ቦታ መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ ከሣጥኑ መውጫ መንገድ በወረቀት ላይ የሰፈረ መብት ብቻ ሳይሆን ደብዳቤ የሚያደርስ አገልግሎት ጭምር ይፈልጋል። ሦስተኛ፣ ሳይነበብ የደረሰ ደብዳቤ መብት የሚያሳጣ ከሆነ፣ ላኪው መሥሪያ ቤት ማሳወቂያው በሥራ ላይ ወዳለ አድራሻ መላኩን የማረጋገጥ ግዴታ ሊኖርበት ይገባል። ደብዳቤው መላኩን የሚያውቀው ላኪው ነው፤ ሣጥኑን ያልከፈተ ዜጋ ግን የሚጠብቀው ደብዳቤ መኖሩን እንኳ አያውቅም።