በሰበታ፥ በቡራዩና በሱሉልታ ላሉ ሥራ ፈላጊ ወጣቶች ሙያ ስለ ማስያዝ

ይህን ትምህርት ለማውጣት ምክንያት የሆነው፥ በአዲስ አበባ ዙሪያ የእርሻ መሬት ለቤትና ለፋብሪካ በሚሰጥበት ጊዜ የመሬቱ ስፋትና የካሣው ገንዘብ ሲቈጠር፥ የባላገሩ ልጅ ግን ከዚያ በኋላ በምን ሙያ እንደሚተዳደር ሳይጠየቅ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ መሆኑ ነው። ስለዚህ የክፍለ ከተማና የወረዳ ሹሞች፥ የእርሻና የሥራ ስምሪት ኃላፊዎችም ነገሩን እንዲመለከቱት፥ የሦስቱን ከተሞች ሁኔታ በምሳሌነት እንገልጻለን።

ሰበታ በጅማ መንገድ፥ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፥ ሱሉልታም ከእንጦጦ ማዶ በጎጃም መንገድ የሚገኙ ናቸው። በ2015 ዓ.ም. ከሌሎች የዙሪያው ከተሞች ጋር ተጣምረው፥ በ12 ክፍለ ከተሞች የተመደበችው የሸገር ከተማ ክፍል ሆነዋል። ለአዲስ አበባ ቅርብ በመሆናቸው መሬታቸው አብዝቶ ይፈለጋል፤ ነገር ግን ወተቱን፥ ድርቆሹንና አትክልቱን የሚገዛ ገበያ የሰጣቸውም ይኸው ቅርበት ነው። እንግዲህ መሬቱ የጠበበበት ወጣት የሚያሻው ሥራ፥ ጥቂት ስፍራ የሚበቃው፥ ብዙ ዕውቀት ግን የሚጠይቅ ሥራ ነው።

ስለ ካሣ በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455፥ መሬቱን ለዘለቄታ ለሚለቅ ገበሬ ካለፉት አምስት ዓመታት አማካይ የዓመት ገቢውን በ10 አባዝቶ እንዲከፈለው ያዝዝ ነበር። ይህን የተካው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛውን የዓመት ገቢ በ15 እንዲባዛ አደረገ፤ ከገንዘቡም ሌላ ተነሺዎች መልሰው የሚቋቋሙበት ሥርዓት እንዲኖር ደነገገ። የገንዘቡ መጨመር መልካም ነው። ይሁን እንጂ ገንዘቡ የሚከፈለው ለባለ ይዞታው ለአባትዮው ነው፤ የሃያ ዓመት ልጁ በመዝገቡ ላይ ራሱን የቻለ ሰው ሆኖ አይታይም። አባት በገንዘቡ ቤት ይሠራበታል፥ ይድርበታል፥ ዕዳ ይከፍልበታል። ልጁ ግን ወላጆቹ ጤፍና ስንዴ ያበቅሉበት በነበረው መሬት ላይ ለተሠራው ግቢ ዘበኛ ወይም የቀን ሠራተኛ ይሆናል። ዘበኝነት የሚናቅ ሥራ አይደለም፤ ነገር ግን ዐሥር ዓመት ቢሠሩበት ከጀመሩበት ደረጃ የማያሳድግ ሥራ ነው።

ይህ ነገር ችላ ሲባል ምን እንደሚያስከትል በቅርብ ጊዜ ታይቷል። አዲስ አበባን ከዙሪያዋ ጋር ያጣምር የነበረው የማስተር ፕላን አሳብ ብዙ ሕይወት ካለፈበት ተቃውሞ በኋላ በጥር 2008 ዓ.ም. ተሰረዘ፤ በ2009 ዓ.ም. መጀመሪያም በሰበታና በሌሎች ስፍራዎች ፋብሪካዎች ተቃጠሉ። በዚያው ዓመት መንግሥት 10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ አቋቋመ። በእኛ አስተያየት ብድር ሙያን ተከትሎ ቢመጣ ይበጃል፤ ሙያ ሳይያዝ የተሰጠ ብድር ዕዳ ሆኖ የሚቀርበት ጊዜ ይበዛልና።

አሁን የወተትን ሥራ እንመልከት፤ በሱሉልታ የወጣቱ ቤተ ሰብ አስቀድሞ የሚያውቀው ሥራ ነውና። የሱሉልታ ሜዳ በክረምት ውኃ የሚተኛበት ስለ ሆነ ለሣር የተመቸ ነው፤ ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮም ሣሩ ታጭዶ ድርቆሽ ሆኖ ይሸጣል። ብዙ ሰው ግን ሣሩ እጅግ እስኪደርቅ ይጠብቃል፤ አበባ ማውጣት ሲጀምር ያልታጨደ ሣር ክብደቱ ቢበዛም ለላም የሚሰጠው ኃይል ይቀንሳል። በጊዜው ማጨድን፥ ከዝናብ ጠብቆ መከመርንና አስሮ መሸጥን የተማረ ወጣት፥ መሬት ባይኖረውም፥ ለባለ ሣሩ የአጨዳውን ሥራ በኮንትራት ሊይዝ ይችላል።

የአገራችን ላም በቀን ከ1 እስከ 2 ሊትር ያህል ወተት የምትሰጥ ስትሆን፥ ከሆልስታይን ፍሪዥያን የተዳቀለችው በመልካም አያያዝ ከ8 ሊትር በላይ ትሰጣለች። ስለዚህ ሰው ሠራሽ የማዳቀል ሥራ የሚያውቅ ሰው በየቀበሌው ይፈለጋል። ዘሩ በፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ከዜሮ በታች በ196 ዲግሪ ቅዝቃዜ ይጠበቃል። ጠዋት ኮርማ መፈለጓ የታየች ላም በዚያው ቀን ማታ፥ ማታ የታየችም በማግስቱ ጠዋት መዳቀል አለባት፤ ሰዓቱ ካለፈ ሦስት ሳምንት ያህል መጠበቅ ግድ ነው። ቅዳሜና እሑድ ባለሙያው ከቤቱ የማይገኝ ከሆነ ባለ ላሟ የሦስት ሳምንት ወተት ያህል ታጣለች ማለት ነው። ሞተር ብስክሌት ያለውና በበዓል ቀንም የሚመጣ ወጣት ደንበኛ አይጎድልበትም።

ወተቱ ከታለበ በኋላም ሌላ ሙያ አለ። የሰብሳቢው ባለሙያ በላክቶሜትር ክብደቱን ይመዝናል፤ መልካም ወተት ከውኃ ይልቅ ይከብዳል፥ ልኩም 1.028 ገደማ ነው፤ ውኃ ሲጨመርበት ይወርዳል። ደግሞ በዐቢይ ጾም 55 ቀን ብዙ ሕዝብ ወተት ስለማይጠጣ ዋጋው ይወድቃል፤ ላሚቱ ግን ጾሙን ዐውቃ ወተቷን አትቀንስም። በዚህ ጊዜ ቅቤ፥ አይብና ቆይቶ የሚሸጥ ፎርማጆ ማውጣት የሚችል ሰው፥ ሌላው በሚከስርበት ወራት ይጠቀማል። በየከተማው የሙያ ማሠልጠኛ ይህ ትምህርት ከጾም በፊት ቢሰጥ ተማሪው ወዲያው ይሠራበታል።

በሰበታ ያለው ነገር የተለየ ነው፤ ፋብሪካ የበዛበት ከተማ ነውና። በ1950ዎቹ የተቋቋመው የሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ፥ የወተት ማቀነባበሪያ፥ በአካባቢውም የአበባ እርሻዎች አሉ። ከቢራ ፋብሪካ የሚወጣው አተላ ከፉርሽካና ከፋጉሎ ጋር ለላም መልካም መኖ ስለ ሆነ፥ የሰበታ አተላ ከሱሉልታ ድርቆሽ ጋር ሊገናኝ ይችላል፤ አተላው ግን ቶሎ ስለሚበላሽ በየዕለቱ የሚያመላልስ ሰው ያስፈልገዋል። ከዚህም ሌላ ብሔራዊ የዓሣና ሌሎች የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል በዚሁ ከተማ ይገኛል፤ ስለ ዓሣ ኩሬ የሚጠይቅ ወጣት በቅርብ የሚያማክረው አለ ማለት ነው።

በአበባ እርሻ የሚቀጠሩት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፤ የሚጀምሩትም ከአጨዳና ከመለየት ነው። ከዚያ በላይ የመስኖና የማዳበሪያ ቀማሚ፥ የተባይ ተቈጣጣሪና የክፍል ኃላፊ አለ። ሹሙ ድርጅቱን ሲጎበኝ ስንት ሰው እንደ ቀጠረ ብቻ ሳይሆን፥ ከአጫጆቹ ስንቱ በሁለት ዓመት ውስጥ ከፍ ወዳለ ሥራ እንደ ተዛወሩ ይጠይቅ። ፀረ ተባይ መድኃኒት ከተረጨ በኋላም የተወሰነው ሰዓት ሳይደርስ ሠራተኛ ወደ ቤቱ እንዳይገባ መመልከት ተገቢ ነው።

የቡራዩ ነዋሪ ብዙው ወደ አዲስ አበባ እየተመላለሰ የሚሠራ በመሆኑ ስለ እርሻው የምንለው ጥቂት ነው፤ ዶሮ ርባታና የጓሮ አትክልት ይስማሙታል። ነገር ግን በዚሁ መንገድ ወደ ፊት ሲሄዱ የሆለታ የእርሻ ምርምር ማዕከል፥ ከዚያም አልፎ በ1939 ዓ.ም. በእርሻ ትምህርት ቤትነት ተጀምሮ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የሆነው አምቦ ይገኛሉ። የቡራዩ ወጣት በአውቶቡስ ሊደርስባቸው ይችላል።

ሹሙ ሊያደርገው የሚገባው፥ መሬት ከመለቀቁ በፊት ዕድሜው ለሥራ የደረሰውን ልጅ ሁሉ፥ ሴቱንም ወንዱንም፥ በየስሙ መመዝገብ፥ የሚያውቀውንም መጠየቅ ነው። ላም ማለብ የሚያውቅ «ሙያ የለውም» ተብሎ አይጻፍ። ማስታወቂያውም በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በአፋን ኦሮሞ ይለጠፍ፤ አለዚያ ወሬው መጀመሪያ ከደላላ እጅ ይገባና ወጣቱ ገና ሳይቀጠር ገንዘብ ይከፍላል።

ወጣቱ ሲቀጠርም ጽሕፈት ቤቱ ውሉን ይመልከት። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ አይቀጠርም፤ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለው በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም፥ በሌሊትም አይሠራም። ለግል ድርጅት ሠራተኛ ጡረታም ከደመወዙ ሠራተኛው 7፥ አሠሪው 11 በመቶ ይከፍላሉ፤ ይህ መቈረጡና ገቢ መሆኑ በስድስት ወር አንድ ጊዜ ከመዝገቡ ጋር ይመሳከር።