አስነጋሪውን ወደ አንኮበር ጥሩት

ቅኔ ቤት ለዋለ ሰው አስነጋሪ ማን እንደሆነ አይነገረውም። ጀማሪው ገለል ብሎ የቆጠረውን ቅኔ የሚሰሙለት የኔታ ብቻ አይደሉም፤ ቀድሞት የገፋው ተማሪ፣ አስነጋሪው፣ ይሰማዋል፣ ቤቱ ያልመታበትን ያሳየዋል፣ ምስጢሩ የላላበትን ያጠብቅለታል። ቅኔው አደባባይ ሳይወጣ ይታረማል።

የፎቶግራፍ ተማሪዎቻችንን ሥራ የቀድሞ ምሩቃን የሚያዩት ግን ብዙ ጊዜ ዐውደ ርእይ ሲከፈት ነው። ፎቶው ታትሞ፣ ፍሬም ገብቶ፣ ግድግዳ ላይ ወጥቷል። የዚያን ቀን የሚሰጥ ሒስ ለማን ይጠቅማል? መምህራን ሆይ፣ ምሩቁን ፎቶው ገና ሜሞሪ ካርድ ውስጥ ሳለ ጥሩት። ከቻላችሁም ከክፍል አውጥታችሁ ቦታው ላይ።

አንኮበርን የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ምኒልክ ወደ እንጦጦ ከመሄዳቸው በፊት ቤተ መንግሥታቸው በነበረበት ኮረብታ ላይ በኋላ ሎጅ ተሠርቷል፤ ከጥንቱ የተረፈው የግንብ ቅሪት ነው። ተማሪው ሎጁን በጥሩ ብርሃን ያነሳና ከሥሩ «የምኒልክ ቤተ መንግሥት» ብሎ ይጽፋል። ስለ ብርሃንና ስለ አቀማመጥ ማርክ የሚሰጠው መምህር ሊያልፈው ይችላል። ጋዜጣ ላይ የሠራ ምሩቅ ግን አያልፈውም፤ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ይህ የተሠራው መቼ ነው? ማን ነገረህ?» ብሎ ነው። በአንዲት የተሳሳተች መስመር የተነሳ ከአለቃው ፊት የቆመ ሰው ያንን ጥያቄ አይረሳም። ጉሙ ከቆላው ሽቅብ ሲመጣም ተማሪው ካሜራውን ወደ ቦርሳው ይከታል፤ ምሩቁ «ቆይ፣ ገደሉ አሁን ነው የሚታየው» ይለዋል።

ማንን እንጥራ ለምትሉ፣ የትምህርት ክፍል አትምረጡ። ሚካኤል ጸጋዬ እ.ኤ.አ. በ2002 ከአዲስ አበባው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተመረቀው በሥዕል ነው፤ የዘይት ቀለም ለጤናው አልስማማው ሲል ወደ ካሜራ ዞረ። እዚያው ትምህርት ቤት የገብረ ክርስቶስ ደስታ ተማሪ የነበረው ታደሰ መስፍን ተመልሶ ለዓመታት አስተምሯል፤ ካስተማራቸው አንዱ ተስፋዬ ኡርጌሳ እ.ኤ.አ. በ2024 በቬኒስ ቢየናሌ የኢትዮጵያን የመጀመሪያ ድንኳን በሥራዎቹ ሞልቷል። ሁሉም ምሩቅ ዘላቂ መምህር አይሆንም፤ ሁለት ቀን ይበቃል። ሰርግ አንሺውንም አትናቁት። ቀብድ እንዴት እንደሚቀበሉ፣ አርባ ዘመድ በአሥር ደቂቃ እንዴት እንደሚያሰልፉ የሚያውቀው እሱ ነው። በዐቢይ ጾም ጥሩት፤ ሰርግ ስለሌለ ገበያው አይስተጓጎልበትም። አበሉንና ትራንስፖርቱን ቀድማችሁ ቁረጡለት። «ልጃችን ነው» እያሉ በነጻ ማሠራት ያሳዝነኛል።

ሒሱ ማታ ላፕቶፕ ከፍቶ ይካሄድ። ለአንድ ተማሪ አምስት ፎቶ፣ ሃያ ደቂቃ። ምሩቁ አስቀድሞ የራሱን የተጣሉ ፎቶዎች ያሳይ፤ የተማሪው አንደበት የሚፈታው ያኔ ነው። ቀጥሎ የሚያየውን ብቻ ይናገር፣ ተማሪው ዝም ብሎ ይስማ፤ ያሰበውን የሚያስረዳው በመጨረሻ ነው። ማርክ የመምህሩ ይሁን፤ ምሩቁ ማርክ ከያዘ ተማሪው እውነቱን አይነግረውም። ለምሩቁ ደግሞ የምለምነው «በእኛ ጊዜ» የምትለዋን ቃል ቤቱ ጥሎ እንዲመጣ ነው።

አንድ ነገር በቃል አይሰጥም፣ መታየት አለበት። ምሩቁ ካሜራውን ወደ ታች አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ «እማማ፣ እንደምን ዋሉ? ፎቶ ባነሳዎት ይፈቅዱልኛል?» ሲል ተማሪዎቹ ይዩት። እምቢ ሲሉት አመስግኖ ሲሄድም ይዩት። የፈቀዱትን ስም በማስታወሻው ይያዝ። በሚቀጥለው ዓመት አዲሶቹን ተማሪዎች ይዞ ሲመለስ የታተሙትን ፎቶዎች በፖስታ አድርጎ ለየባለቤቶቹ ያደርሳል፤ የአዲሶቹም የመጀመሪያ ትምህርት ከዚያ ደጃፍ ይጀምራል።