የቆመ ፋን፦ ግራፊክስ ካርዱ «ተቃጥሏል» ከመባሉ በፊት

ለዒድ መተማ ዮሐንስ ቤተሰብ ጋ ወርጄ ነበር። ቆላውን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ወዲያ ሙቀቱ 40 ዲግሪን አልፎ ይውላል፤ ውሻ እንኳ ከጥላ አይወጣም። አጎቴ እዚያ ጠባብ የፎቶና የቪዲዮ ቤት አላቸው። ሥራቸው ሁሉ የተንጠለጠለው በአንዲት ኮምፒውተር ላይ ነው። የዒድ ሰላምታውን እንኳ ሳንጨርስ፣ «አንተ ኢንጂነር፣ ይቺን ነገር እያት እስቲ፤ ልትገድለኝ ነው» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሦስት ሰርግ ቪዲዮ ቀብድ ተቀብለዋል፤ ቀብዱም ለዒድ ወጪ ሄዷል። ኮምፒውተሯ ግን ቪዲዮ ማቀናበር ስትጀምር አሥር ደቂቃ ሳይሞላት ስክሪኗ ይጠቁርና ትጠፋለች። ሌላ ከተማ ወስደው ያሳዩት ባለሙያ «ካርዱ ተቃጥሏል፣ አዲስ ይግዙ» ብሏቸዋል። የጠራላቸው ዋጋ የሁለቱን ሰርግ ገቢ የሚውጥ ነው። ክዳኑን ከፍቼ ሳየው ግን ካርዱ አልተቃጠለም። ሁለቱም ፋኖች ቆመዋል፣ ሌላ ነገር የለም። በዶርማችንም AutoCADና SolidWorks የሚሠሩ ልጆች ኮምፒውተር ላይ ይህንኑ ስላየሁ አካሄዱን ልጽፍላችሁ ወደድኩ። (የሶፍትዌሮቹን ስም በግእዝ ፊደል፦ አውቶካድና ሶሊድወርክስ።)

መጀመሪያ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ። የቆመ ፋን ሁሉ የተበላሸ አይደለም። ብዙ አዳዲስ ካርዶች ሥራ በሌለበት ሰዓት፣ ቺፑ ወደ 50 ወይም 60 ዲግሪ እስኪደርስ ድረስ፣ ፋናቸውን ሆን ብለው ያቆማሉ። ስለዚህ ዴስክቶፑ ላይ ባዶውን አይታችሁ አትፍረዱ። ከባድ ሥራ ስጡትና ሙቀቱን እያያችሁ ጠብቁ። 70 አልፎም ካልተንቀሳቀሰ ያኔ ችግር አለ።

ሙቀቱን በምን እናያለን? የኤንቪዲያ ካርድ ከሆነ ከድራይቨሩ ጋር አብሮ የሚመጣ ኤንቪዲያ-ኤስኤምአይ የሚባል ትእዛዝ አለ፤ ሙቀቱንም የፋኑንም ፐርሰንት ያሳያል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሸወደው። ያ ፐርሰንት ካርዱ ፋኑን «በዚህ ፍጥነት ዙር» ብሎ ያዘዘው እንጂ ፋኑ በእርግጥ የዞረበት አይደለም። በአጎቴ ስክሪን ላይ 60 ፐርሰንት ይላል፤ ፋኑ ግን እንደ ግድግዳ ሰዓት ሥዕል ቀጥ ብሏል። ዓይናችሁን እመኑ።

አሁን ስለ ቆላው ሙቀት ትንሽ ልበል፤ ምክንያቱም ጎንደር ላይ የሚሠራ ኮምፒውተር መተማ ሲወርድ ለምን እንደሚያምጥ የሚገባን በዚህ ነው። ካርዱ የሚያወጣው ሙቀትና የፋኑ ፍጥነት ካልተለወጡ፣ ቺፑ ከክፍሉ አየር በላይ የሚሞቅበት ልዩነት በግምት አይለወጥም። ጎንደር ውስጥ 22 ዲግሪ በሆነ ክፍል 68 የሚደርስ ካርድ ልዩነቱ 46 ነው። ይኸው ካርድ 41 ዲግሪ ወደሆነ የመተማ ክፍል ሲገባ 87 ላይ ይቀመጣል ማለት ነው። የአጎቴ ካርድ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ነው፤ 75 ዋት ይበላል፣ አምራቹ ያስቀመጠለት ከፍተኛ የሙቀት ገደብም 97 ዲግሪ ነው። ፋኑ ደህና ሆኖ እንኳ የቀረችው 10 ዲግሪ ብቻ ናት። ፋኑ ሲቆም ምን እንደሚሆን አስቡት። (2100 ሜትር ገደማ ላይ ያለው የጎንደር አየር ስስ ስለሆነ በዚያው የፋን ፍጥነት የሚሸከመው ሙቀት ከቆላው አየር ያንሳል። ቅዝቃዜው ግን ይክሰዋል፤ ፊዚክስ ለምትወዱ ብዬ ነው።)

በዚህ ላይ አቧራ አለ። ሰሊጥ በሚታጨድበትና በሚራገፍበት ወቅት የመተማ አየር ራሱ የሚታፈስ ነው። አቧራው ከፋኑ ኩሽኔታ ግሪስ ጋር ሲቀላቀል ጭቃ ይሆናል፣ ሙቀቱ ደግሞ ያደርቀዋል።

ወደ ሥራው እንግባ። ኮምፒውተሩን አጥፉ፣ ገመዱን ከሶኬት ንቀሉ፣ ከዚያ ማብሪያውን ለጥቂት ሰኮንድ ተጭናችሁ የቀረውን ኤሌክትሪክ አስወጡ። ካርዱን ከመንካታችሁ በፊት የሳጥኑን ብረት ንኩ። ከዚያ መጀመሪያ በዓይን ተመልከቱ፤ አንዳንድ ጊዜ የላላ ገመድ ምላጩ ላይ ተደግፎ ነው ያቆመው፤ እንዲያ ከሆነ ገመዱን ሰብስባችሁ አስሩና ጨረሳችሁ።

ገመድ ካልሆነ በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ አዙሩት። ምርመራው ሁሉ ያለው እዚህ ነው። ደህና ፋን ሲገፋ ጥቂት ዙር በራሱ ይሄዳል። ከገፋችሁት በኋላ ወዲያው ከቆመ ወይም ከጎረበጠ ጥፋቱ ኩሽኔታው ላይ ነው። እየተንሸራተተ በነፃ ዞሮ፣ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ግን የማይነሣ ከሆነ ጥፋቱ ሞተሩ፣ ሽቦው ወይም ካርዱ ላይ ነው።

ከአጎቴ ሁለት ፋኖች አንዱ የመጀመሪያው ዓይነት ነበር። ካርዱን አውጥቼ የፋኑን ፕላስቲክ የያዙትን ብሎኖች በትንሽ ካቻቪቴ ፈታሁ። የፋኑ ጀርባ ላይ ስቲከር አለ፤ እሱን ሳይቀደድ ቀስ ብሎ ማንሣት ነው። ከሥሩ የዘንጉ ጫፍ ይታያል። (አንዳንዱ ፋን ድፍን ነው፣ ቀዳዳ የለውም፤ እሱን በግድ አትክፈቱት።) የደረቀውን ጭቃ በጥጥ ጠርጌ የልብስ ስፌት ማሽን ዘይት በስቴኪኒ ጫፍ ሁለት ጠብታ አደረግሁበት። የምግብ ዘይት አታድርጉ፤ ሰንብቶ እንደ ሙጫ ይሆናል። ብዙ ሰው የሚወደው ደብሊውዲ-40ም ለዚህ አይሆንም፤ ያጥባል እንጂ ቆይቶ አያለሰልስም። ከዚያ በእጅ ደጋግሞ ማዞር፣ የተረፈውን ዘይት መጥረግ፣ ስቲከሩን መልሶ መለጠፍ። ካልተለጠፈ አቧራው በሳምንት ውስጥ ይመለሳል።

ሁለተኛው ፋን በነፃ ይዞራል፣ ግን አይነሣም። እዚህ ላይ «ካርዱ ነው ወይስ ፋኑ?» የሚለውን መለየት ያስፈልጋል፤ አዲስ ካርድ የሚያስገዛው ወይም የማያስገዛው ይህ ጥያቄ ነው። ፋኑ የሚሠራው በ12 ቮልት ነው፤ ብዙውን ጊዜ አራት ሽቦ አለው፦ ኔጋቲቭ፣ 12 ቮልት፣ ፍጥነት አስታዋቂና ፍጥነት ተቆጣጣሪ። የሽቦዎቹ ቀለም ከፋን ፋን ስለሚለያይ በቀለም አትመኑ። ቴስተራችሁን በድምፅ ምልክቱ ላይ አድርጉና አንዱን ጫፍ የካርዱ የጀርባ ብረት ላይ፣ ሌላውን ካርዱ ላይ ባሉት የፋን ሶኬት እግሮች ላይ ተራ በተራ አስነኩ፤ የጮኸው ኔጋቲቭ ነው። 12 ቮልቱ አብዛኛውን ጊዜ ከጎኑ ያለው ነው። ገልብጣችሁ ብትሰጡት የፋኑን ውስጥ ልታቃጥሉ ስለምትችሉ አትቸኩሉ።

መተማ ላይ ሌላ የኃይል ምንጭ ፍለጋ አልሄድኩም። የቴስተሬን ባለ 9 ቮልት አራት ማዕዘን ባትሪ አወጣሁና በሁለቱ ሽቦዎች ሰጠሁት። ጤነኛ ፋን በ9 ቮልትም ይዞራል፣ ቀሪዎቹ ሁለት ሽቦዎች ሳይገናኙም። ዘይት የጠጣው ፋን ወዲያው ተነሣ፤ ሁለተኛው ንቅንቅ አላለም። አጎቴ ከትከሻዬ በላይ አጎንብሰው ያዩ ነበርና፣ «እና ካርዱ ደህና ነው እያልከኝ ነው?» አሉ። «አዎ አጎቴ፣ የሞተው ይቺ ትንሿ ሞተር ናት፤ ካርዱማ ሙቀት ሲበዛበት ራሱን ለማዳን ነው የሚጠፋው» አልኳቸው። ዝም ብለው ሄደው ሻይ አዘዙ።

የሞተ ፋን ሲገኝ ትክክለኛው መንገድ በጀርባው ስቲከር ላይ ያለውን ሞዴል ቁጥር ጽፎ፣ የምላጩን ስፋትና የብሎን ቀዳዳዎቹን ርቀት በሚሊ ሜትር ለክቶ፣ የሶኬቱን እግሮች ቆጥሮ ተመሳሳዩን መግዛት ነው። የካርድ ፋን ሶኬት ከማዘርቦርዱ ስለሚያንስ «አራት እግር አለው» ማለት ብቻ አይበቃም። መተማ ላይ ግን ያ ፋን የለም፣ ቪዲዮዎቹም አይጠብቁም። ስለዚህ ከአንድ የሞተ ኮምፒውተር ሳጥን ውስጥ ባለ 92 ሚሊ ሜትር ፋን ፈታሁ። የሞተውን አውልቄ በቦታው በገመድ ማሰሪያ ፕላስቲክ አሰርኩት፤ ነፋሱ ወደ ብረቱ እንዲገባ፣ ምላጩም ምንም እንዳይነካ። ሽቦውን ማዘርቦርዱ ላይ ሰካሁት። መልኩ ያስቃል። አጎቴም ስቀዋል።

አቧራውን ስለ ማስወገድ፦ ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል። ጎሚስታ ቤት ወስዳችሁ በኮምፕሬሰር ካስነፋችሁ አየሩ ውኃ ሊተፋ ይችላል፤ ፋኑንም በጣት ሳትይዙ ከተነፋ ከአቅሙ በላይ ይፈጥናል። ይህን የምለው ከመጽሐፍ አይደለም። አምና የዶርም ጓደኛዬን ካርድ እንዲሁ አስነፍቼ አንድ ምላጭ ሰብሬበታለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ፋኑ እየተንቀጠቀጠ ካርዱን ሁሉ ያንጫጫ ነበር። በመድረሳ የቁዱሪን ሙኽተሰር ስንቀራ በኢጃራ ምዕራፍ ስለ ልብስ አጣቢው ተምረናል። ልብሱ በእጁ ሳለ ያለ ጥፋቱ ቢጠፋ አቡ ሐኒፋ አያስከፍሉትም፤ ሁለቱ ተማሪዎቻቸው ይለዩባቸዋል። ሲወቅጠው ቢቀደድ ግን በሦስቱም ዘንድ ይከፍላል። ያኔ ልብስ አጣቢ ምን አገባኝ ብዬ ነበር። የፋኑን ዋጋ ለጓደኛዬ ስቆጥር ትዝ አለኝ።

ወደ አጎቴ ልመለስ። ካርዱን መልሰን የመጀመሪያውን ሰርግ ለቀቅነው። ክፍሉ 40 ነበር፤ ሙቀቱ 60፣ 70 እያለ ወጣና 76 ላይ ቆመ። አሥር ደቂቃ አለፈ፣ ግማሽ ሰዓት አለፈ። መግሪብ ሰግደን ስንመለስ አልጠፋችም ነበር፤ ቪዲዮውም ሊያልቅ ትንሽ ቀርቶታል። ያልደበቅኳቸው ነገር ቢኖር ዘይት ያጠጣሁት ፋን አዲስ እንዳልሆነ ነው። ያለቀ ኩሽኔታ በዘይት ወራት ይገፋል እንጂ አይታደስም። ስለዚህ የሁለቱንም ሞዴል ቁጥር ጽፌ ይዣለሁ፤ ለመጪው በዓል ስወርድ አዲሶቹን ይዤ እወርዳለሁ፣ ኢንሻአላህ።

እናንተም ዶርም ውስጥ የቆመ ፋን ካላችሁ ቅዳሜ ከዐስር በኋላ ወደ ጀመዓው ቢሮ አምጡት። ካቻቪቴውና ዘይቱ አለ፤ ለቴስተሩ ባትሪ ግን አንድ ሰው ይግዛ፣ የኔው መተማ ቀርቷል። ወሰላሙ ዐለይኩም።